ከመደብ የወጣ ተዝካር

«ስልቻውን አታውርደው፣ ሄራሞ» አለች እህተማርያም።

ሄራሞ ስልቻውን ከትከሻው አንሸራትቶ ጉልበቱ ላይ አድርሶት ነበር። እንደያዘው ቆመ። በዳሱ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ወሬውን አቋረጠ።

ዕለቱ ሰልስት ነው። ባሏን ጸሐፊ ሰይፈሥላሴን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ። ራሷን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በደረቅ ሣር ላይ በተነጠፈ ቁርበት ተቀምጣለች። ሐዘንተኛ ለመጣ አይነሣም፤ ለሄደም አይነሣም። እሷ ተነሣች። በለቀስተኛው መካከል አልፋ እስከ አጥሩ በር ሄደችና የስልቻውን አፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው።

«ምንድነው ያለበት?»

«ገብስ ነው፣ እሜቴ። ለተዝካሩ አምጡ ተባልን።»

«ማን አላችሁ?»

ሄራሞ ወደ ዳሱ አየ። ከቄሱ ቀጥሎ የተቀመጠው የሟች ታላቅ ወንድም ባሻ ቸኮል ጉሮሮውን ጠረገ። ከሆሳዕና ከተማ በበቅሎ የመጣው ለቀብሩ ነው፤ የመጣ ዕለትም ገባሮቹን አስጠርቶ ማን ምን እንደሚያመጣ ነግሯቸዋል።

«እኔ ነኝ ያልኋቸው። ለጌታቸው ለጸሐፊው ተዝካር ድርሻቸውን ያመጣሉ፤ ወጉ ነው። በይ ተቀመጪ እህቴ፣ ሰው ያይሻል።»

«ይየኝ» አለች። ፊቷን ሳታዞር ለሄራሞ ተናገረች፦ «ገብሱን ወደ ቤትህ መልሰው። ለእናትህም እህተማርያም ናት የመለሰችው በላት።»

ሄራሞ አንዴ ባሻን፣ አንዴ እሷን አየ። በመጨረሻ ስልቻውን ወደ ትከሻው መልሶ ቁልቁል ወረደ። እህተማርያም ተመልሳ በቁርበቱ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋንም በፊቷ ላይ ጣለች።

ያ ገብስ ምን እንደሆነ በዳሱ ያለው ሁሉ ያውቃል። በመስከረም አንበጣ ወርዶ ከአዲሎ እስከ ሺንሺቾ ያለውን ማሳ ላጭቶት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ በገባር ቤት የሚገኝ እህል ለዘር ተብሎ የተደበቀ ብቻ ነው።

ባሻ ቸኮል ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሙን ይወድ ነበር። ነገር ግን ፍቅሩም እንደ ወታደርነቱ ነው፤ ሰልፉ ካልታየ የተከበረ አይመስለውም። ለቀስተኛው ሲቀንስ ጠጋ ብሎ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያስረዳት ሞከረ። አባታቸው ሲሞቱ እዚሁ ግቢ የወጣውን ተዝካር አስታወሳት። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው፤ እሷም ያኔ ሙሽራ ነበረች። ጠላው በጋን በጋን፣ እንጀራው እንደ ድርቆሽ ክምር፣ ከሆሳዕና ድረስ የመጡት ካህናት ደግሞ ሦስት ቀን ሰንብተዋል። እስከ ዛሬ ይወራል። የወንድሜ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ምን ፊት ይዤ ከሰው እቀመጣለሁ አላት።

እህተማርያም ሰምታ ሲጨርስ፣ ተዝካሩን እኔ አወጣለሁ አለችው።

«ከምን?»

በጣቷ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጓሮ አሳየችው። «ከመደቡ።»

አጠገቧ የነበረችው የነጋዴው ሚስት እልፍነሽ በነጠላዋ ውስጥ ሳቋን ማፈን አቃታት። ሴቶቹ ወዲያው ተቀባበሉት፤ እስከ ማታ ድረስ የዳሱ ሹክሹክታ ይኸው ሆነ። ተዝካር በስኳር ድንች! ጸሐፊው በሕይወት ሳለ ያስቃቸው እንደነበረ ሞቶም አልተዋቸውም።

ሰይፈሥላሴ በእርግጥ ያስቃቸው ነበር። የአገረ ገዥው ጸሐፊ፣ ብዕርና ቀለም የለመደ ጣት ያለው፣ ጠዋት ጠዋት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጓሮውን ሲቆፍር በአጥሩ ላይ ያላዩት የለም። ብዕሩን ሸጦ ዶማ ገዛ አሉት። ሥር ቆፋሪ አሉት። ከሰሜን መጥተው በሹመት ለሚኖሩ ሰዎች እህል ማለት በሬ ጠምዶ የታረሰ፣ በአውድማ የተወቃ ነው። ከአፈር ውስጥ በጣት ተፈልጎ የሚወጣ ነገር የአገሬው ምግብ ነው፤ ጨዋ ቤት አይገባም። እህተማርያም ራሷ በመጀመሪያው ዓመት አልበላም ብላ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጾም ላይ ቀመሰችው። ከዚያ በኋላ ስለ ጣዕሙ አልተነጋገሩም፤ ዝም ብላ መቀቀል ጀመረች።

ለምን እንደጀመረው ግን በደንብ አልነገራትም። የምታስታውሰው ይህን ብቻ ነው፦ ከአባቱ ተዝካር በኋላ በነበረው ክረምት አንድ ቀን ከገባሮቹ መንደር ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ታመምህ ወይ ብትለው አልታመምኩም አለ። በዓመቱ በሰኔ የሄራሞ እናት የሰጠችውን አንድ እቅፍ የስኳር ድንች ሐረግ ተሸክሞ መጣ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከገባሮቹ የሚደርሰውን የራሱን ድርሻ ተወ። የመንግሥቱን ማስቀረት አልቻለም፤ የሚጽፈው እሱ ነውና እያቃጠለው ይጽፈዋል። የራሱን ግን እንደገና አልነካም።

በማግስቱ አባ ወልደ ሰንበት ሊያጽናኗት ሲመጡ ሰው ሳይሰማ ጠየቀቻቸው። አባ ወልደ ሰንበት ከተናገሩት ይልቅ የሰሙት የሚበዛ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ጥያቄዋን እስከ መጨረሻ አድምጠው መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አገላበጡት።

«አርባው የሚውለው በነቢያት ጾም ነው» አሉ። «ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። ለመሥዋዕቱ የሚሆን ስንዴ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚያ ወዲያ ድሃ የሚበላው ምን እንደሆነ እግዚአብሔር በስም የወሰነው ነገር የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ይበቃል ወይ ልጄ?»

እሷን የሚያሳስባትም ያው ነበር። እህሉን መልሳለች። በጓሮው አሥራ አንድ መደብ አለ። አንበጣው በመስከረም ቅጠሉን አንድ ሳያስቀር ቀርጥፎት ነበር፤ ሐረጉ እንደገና አቆጥቁጧል። ከአፈሩ በታች ያለው ስር ደልቦ ይሁን መንምኖ የሚያውቀው ሰይፈሥላሴ ነበር። እሷ ያጠበችና የቀቀለች እንጂ ቆፍራ አታውቅም። ቢያንስስ? መቶ ሰው ባዶ ሰሐን ይዞ ቢቀመጥ፣ ከነገ ወዲያ ባሻ ገባሮቹን በዱላ ቢያስመጣ ማን ይከለክለዋል? ይህን ለአባ አልነገረቻቸውም። ይበቃል አለቻቸው።

በሰባተኛው ቀን ፍትሐቱ አልቆ ሰው ንፍሮ እየቀመሰ ሳለ ባሻ ቸኮል ተነሣ።

«እስቲ ይኼን ጎተራሽን እንየው» አለ።

ለቀስተኛው ግማሹ ተከተለው። እህተማርያም በቁርበቱ ላይ እንዳለች በጓሮው በር በኩል ታያቸዋለች። ባሻ መደቦቹን አንድ በአንድ እየዞረ አያቸው። የላይኞቹ ቅጠላቸው ያነሰ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ አፈራቸውም ደርቆ የተሰነጣጠቀ ነው። ከበረቱ ሥር ያለው የታችኛው ግን ሐረጉ ጉልበት ድረስ ተጥመልምሎ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ባሻ በዚያኛው ላይ ቆመ። ዕድሜውን ሁሉ ማሳ ሲያይ የኖረ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። ዶማውን አንሥቶ ሦስት አራት ጊዜ ቆፈረ፤ ሐረጉንም በሥሩ ይዞ ነቀለው።

የወጣው የአይጥ ጅራት የመሰለ ቀጫጭን ስር ነበር። በእፍኝ ቢሰበሰብ ለአንድ ልጅ ቁርስ አይሆንም። ባሻ ያንን ዘለላ ከፍ አድርጎ እስከ ዳሱ ይዞት መጣና በፊቷ አኖረው።

«ይኸውልሽ የወንድሜ ተዝካር።»

ማንም አልሳቀም። እልፍነሽ እንኳ አቀረቀረች። ባሻ ድምፁን አለሳልሶ፣ በመጪው የገበያ ቀን ገባሮቹ እህሉን ይዘው እንደሚመጡ፣ እሷም ሐዘኗን እንድትቀመጥና ነገሩን ለወንዶች እንድትተወው ነገራት። እህተማርያም ቀጫጭኖቹን ስሮች እያየች ቆየች።

እሷ ግን ሌላ ቀን እያየች ነበር። ሰይፈሥላሴ በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ነበር ያደረገው። ሐረጉን ተክሎ፣ መልካም አደርጋለሁ ብሎ፣ የበረቱን ፍግ በቅርጫት በቅርጫት እያጋዘ አለበሰው። ቅጠሉ ለጉድ ሆነ። ኅዳር ሲደርስ ጎረቤት ጠርቶ ቆፈረ፤ የወጣውም እንዲህ ያለ የአይጥ ጅራት ነበር። ያን ዕለት የሄራሞ እናት በአጥሩ በኩል ስታልፍ ቆማ አየችውና እስኪያንቃት ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ገብታ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እህልን እንደምታጠግበው ይኼን ካጠገብኸው ቅጠል ሆኖ ይቀራል፣ አስርበው፣ ያኔ ወደ ታች ይሄዳል ብላ አስተማረችው። እሱም ሳቀ። ወዲያው ደብተር አምጥቶ እንደ ትልቅ ጉዳይ ጻፈው። እህተማርያም በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ በሁለቱም ተናዳ ነበር።

የታችኛው መደብ የበረቱ ፍግ በዝናብ እየታጠበ የሚወርድበት ነው። ይህን አሁን አወቀች። ግን የሌሎቹን አላወቀችም። አንበጣ ቅጠሉን የበላው ስር ምን እንደሚሆን የሄራሞ እናት እንኳ አይታ አታውቅም ይሆናል።

የገበያው ቀን ከሰባቱ በኋላ በአምስተኛው ዋለ። ጠዋት ስድስት ገባሮች ስልቻቸውን ይዘው መጥተው በአጥሩ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። ከእነሱ መካከል ሄራሞ አለ። እናቱም አብራው መጥታ፣ እንደ ልማዷ ወደ ዳሱ ሳትገባ፣ በአጥሩ በር ላይ ኩርምት ብላለች። በለቅሶው ዕለት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር መጥታ በራሷ ቋንቋ ደረቷን እየመታች አልቅሳ ነበር። ያን ዕለት ምን እያለች እንዳለቀሰች ከዳሱ ሰው የገባው የለም።

ባሻ ቸኮል ስልቻዎቹ እንዲገቡ በእጁ ጠቀሰ። እህተማርያም ከቁርበቱ ተነሣች። ሁሉም ወደ በሩ የምትሄድ መስሎት ነበር። እሷ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ባለ ሁለት ጥርስ መቆፈሪያ አወረደች።

እልፍነሽ ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ ሴት፣ አርባው ሳይወጣ ሐዘንተኛ አፈር አይነካም። ምን ነካሽ? አእምሮዋን ስታለች ያሰኝሻል እኮ።»

«ይበሉ።»

«ደግሞስ ድንቹ ቢወጣ ጠላውን ከምን ልትጠምቂው ነው? ከቅጠሉ?»

«ውኃ እናጠጣቸዋለን፣ እልፍዬ» አለቻትና ክንዷን አስለቀቀች።

ጓሮው በሰው ተሞላ። እህተማርያም በመደቦቹ መካከል ቆማ የትኛውን እንደምትጀምር ቸገራት። የሄራሞ እናት ሳትጠራ ገባች። አሮጊቷ በባዶ እግሯ በመደቦቹ ላይ ቀስ እያለች ተራመደች፤ በውስጠ እግሯ አፈሩን እየዳሰሰች። ሦስተኛው መደብ ላይ ቆመች። ከሁሉም ያስጠላ፣ ቅጠሉ የቆራፈደ መደብ ነው። ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

እህተማርያም መቆፈሪያውን አንሥታ በኃይል አወረደችው። ጥርሱ አንዳች ነገር ላይ ተሰካ። ስትነቅለው በአፈሩ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ለሁለት ተከፍሎ ታየ፤ ከተቆረጠው ላይም እንደ ወተት ያለ ነገር እየወጣ ነው። አሮጊቷ ወዲያው የእጇን አንጓ ያዘች።

«ከላይ አይደለም። ከጎን።»

ከጎን ቆፈረች። ከዚያም መቆፈሪያውን ጥላ ተንበረከከች፤ በእጇ አፈሩን ትቧጥጥ ጀመር። አንዱ ወጣ፤ እንደ ክንዷ የወፈረ ቀይ ስር። ሌላው ተከተለ። ሦስቱ ተቃቅፈው ወጡ። ጥቁሩ ልብሷ አፈር ሆነ፤ ፊቷም እንደዚያው። ከአንዱ መደብ የግማሹን ግማሽ ሳትጨርስ የወጣው በፊቷ ተከምሮ ነበር። ወደ ኋላ ቀና ብላ ባሻን ፈለገችው።

«ቅጠሉን አይተው ነበር የቆፈሩት፣ ባሻ። ወንድምዎም መጀመሪያ እንደሱ ነበር።»

ባሻ ክምሩን አየ። መገረሙን ሊደብቅ አልቻለም፤ እንዲህም ሆኖ አልተረታም። «ይሁን፤ ይበቃል እንበል። የሺንሺቾ ሰው ምን ይላል? የሆሳዕናስ? ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። ጠግቦ ይሳቅ።»

«አባታችንን በዚያ ዓይነት ክብር ሸኝተን፣ ወንድሜን ግን በሥር? እንዴት ያለ ስንዴ እንደነበረ ረሳሽው? እንደ ወርቅ ያለ ስንዴ።»

የሄራሞ እናት ከቆመችበት ተናገረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ እስከ አጥሩ ግን ተሰማ።

«ያን ስንዴ እኔ አውቀዋለሁ። የኔ ነበር። ለዘር ያስቀመጥሁት።»

ባሻ ወደ እሷ ዞረ። አሮጊቷ ዓይኗን አላነሣችም፤ ቃል በቃል እየፈለገች ቀጠለች።

«ወታደር መጣ፣ ወሰደ። ክረምት ገባ። የምንበላው አጣን። ይኼን ሳይደርስ ቆፈርሁ፣ እንደ ጣት የቀጠነውን። አራት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ ነበረችኝ። እሷ ክረምቱን አልወጣችም። ጸሐፊው መጣ፤ ለምን እንደመጣ አላውቅም። እንግዳ ነው፣ ከቀጭኑ ሰጠሁት። በላ። ከዚያ በእንሰቱ ሥር ትንሽ መቃብር አየ። አፈሩ አዲስ ነበር። ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

እህተማርያም እንደተንበረከከች ቀረች። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖራ ይህን አልሰማችም። ያ ጭቃ፣ ያ ሦስት ቀን ጾም፣ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያዝዘው ጎንበስ ማለቱ። ሰይፈሥላሴ እንድታውቅበት ያልፈለገውን ነገር በዚህ አፈር ውስጥ ሲቀብር ኖሯል።

«እኔ ይህን አልሰማሁም» አለ ባሻ ቸኮል።

ትንሽ ቆሞ ወደ በቅሎው ሄደ። ሲጭን ያገዘው የለም፤ ራሱ ጫነ፣ ወጣም። ገባሮቹ እስኪርቅ ጠብቀው ስልቻቸውን ተሸከሙና ወረዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለቀስተኛ ጥቂት ነው። ባሻ አኩርፎ ሄዷል፣ ለተዝካሩም አይመጣም የሚለው ወሬ ከገበያ ገበያ ዞረ። ታላቅ ወንድም የሌለበት ተዝካር ምን ተዝካር ነው ተባለ። ባሏ ያበላሸውን እሷ ጨረሰችው ተባለ። እህተማርያም ሁሉንም ትሰማለች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልማ ትመለስና በቁርበቱ ላይ ትቀመጣለች፤ የመጣው እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲላት አሜን ትላለች። ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። ይህንንም አወሩት።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን የሄራሞ እናትና አምስት የገባር ሚስቶች መቆፈሪያቸውን ይዘው በጓሮው በር ቆሙ። እህተማርያም ወጥታ አየቻቸው።

«እኔ አልጠራኋችሁም። ለኔ ሥራ እንድትሠሩ አልፈልግም።»

«ላንቺ አይደለም» አለች አሮጊቷ። «ለሱ ነው። ዞር በይ።»

ዞር አለች። ከዚያም አብራቸው ቆፈረች። መጀመሪያ ሐረጉን እያጨዱ ክንድ ክንድ በሚያህል እየቆራረጡ በጥላ ሥር ከመሩት፤ እሱ ለሚቀጥለው ተከላ ዘር ነው። ማታ ሲሄዱ ሁሉም እቅፍ እቅፍ ይዘው እንዲሄዱ አደረገች። ቀጥለው አፈሩን ከጎን እየናዱ ስሩን አወጡ። ፍልፈል የበላው ነበር፤ አንበጣው ያቀጨጨውም ነበር። ከታችኛው መደብ ምንም አልተገኘም። ከአሥሩ የወጣው ግን ሁለት ቀን ተለቅሞ አላልቅ አለ፤ በግድግዳው ሥር ከመስኮቱ በላይ ተቆለለ።

የአርባው ዕለት ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ እልፍነሽ ትልቁን ድስቷን በራሷ ተሸክማ ከተፍ አለች።

«ድስቴን ላበድርሽ ነው የመጣሁት፣ እኔ እንኳ አልበላም» አለች። ትንሽ ቆይታ አንዱ በስሎ እንደሆነ ለማየት ብላ ቀመሰች። ቀጥላም መብሰሉ ገና ያልተረጋገጠላት ይመስል፣ ሌላ ደገመች።

ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ሲያልቅ ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ነዳያን መጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪዎች፣ ከዚያ ገባሮቹ ከነልጆቻቸው። ከተሿሚዎቹ ቤት የመጣው ጥቂት ነው፤ መጣ ግን። አባ ወልደ ሰንበት በቅጠል ላይ የቀረበላቸውን ባርከው ከሁሉ ቀድመው ቆረሱ። በጾም ቀን ይህን ያህል ጣፋጭ ነገር መብላት ኃጢአት እንዳይሆን እሰጋለሁ ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ዳሱ ሁሉ በላ።

እህተማርያም ከወጥ ቤቱ ኋላ በትልቁ ገበታ የመጨረሻውን ክምር እያጠበች ነበር። የበቅሎ ኮቴ ሰማች። ባሻ ቸኮል በጭቃ ተለውሶ ገባ። በእጁ በቅጠል የተጠቀለለ አሞሌ ጨው ይዟል፤ በገዛ እጁ ከአዲሎ ገበያ የገዛው ነው። ለአገልጋይ አልሰጠውም፤ ራሱ አምጥቶ በአጠገቧ አኖረው። ከዚያ ካባውን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበና ሰው እያየው በገበታው ማዶ ቁጢጥ አለ። ስሮቹን እያነሣ ማጠብ ጀመረ። ሲያጥብ አያምርበትም፤ ውኃውን ወደ ጉልበቱ ይረጨዋል። እሷም አላረመችውም።

ክምሩ እየቀነሰ ሄደ።

«ይኼን ምን ነካው?» አለ ባሻ። አንድ ወፍራም ስር በእጁ ያገላብጣል። በጎኑ ላይ ረዥም፣ ጥልቅ ጠባሳ አለበት፤ ጠባሳው ግን ሽሮ አዲስ ቆዳ ለብሷል።

እህተማርያም ተቀበለችው። ትንሽ አየችውና ነገረችው። ሰይፈሥላሴ ከመታመሙ በፊት በነበሩት ሳምንታት መደቡን ሳያፈርስ፣ ከጎን ጥቂት እየገለጠ፣ ለዕለት የሚበቃቸውን ብቻ እያወጣ፣ መልሶ አፈር ያለብስ ነበር። አንዳንዴ የመቆፈሪያው ጥርስ የሚቀረውን ስር ይነካዋል። አፈር ውስጥ ከቀረ ቁስሉ ይሽራል፤ ስሩም ማደጉን አይተውም።

«የሱ እጅ ነው» አለች።

ባሻ ራሱን ዝቅ አደረገ። እህተማርያም አውራ ጣቷን በጠባሳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰደችው። ከዳሱ ሰው እየተጣራ ነው፤ ገና ያልደረሳቸው አሉ። ስሩን ወደ ውኃው መለሰችው፣ እንደሌሎቹ ልታጥበው። እጇ ግን ስሩን እንደያዘ ከውኃው ውስጥ አልወጣም።